አንደኛ ምርጫን በሽማግሌ ለጠየቁን ለእድራችን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ባንተአምላክ
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር
ቆሰበር

ክቡር ሆይ፣ የቆሰበር ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ ጭጋጉ ዓይንዎን ሳይጋርድ፣ ድምፅዎም በስብሰባ ብዛት ሳይሻክር ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንድታገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን። ደህና ብቻም አይደለንም፤ ልጄ ሜላት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በጥሩ ውጤት ስላለፈች፣ ወሬው ከተሰማ ጀምሮ የማውቀውንም የማላውቀውንም ሰው ሰላም እያልኩ ነው የምውለው። ባለፈው ሰው ላልነበረበት ባጃጅ እጅ ነስቼ ማለፌን ጎረቤቶቼ እስካሁን ያወሩታል።

ይህን ደብዳቤ በእድራችን የቴሌግራም ገጽ ያወጣሁት፣ ኔትወርክ ለሌለውም ብዬ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ የለጠፍኩት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። እርስዎ የቤቴን ጉዳይ የሰፈር ጉዳይ አድርገው ካከበሩኝ፣ ምስጋናዬም በሰፈር ፊት መሆን አለበት ብዬ ነው።

ዘግይቶ ለሰማ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ሊማርባቸው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል መርጦ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ምደባው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሜላት አንደኛ አድርጋ ያሰበችው አርባ ምንጭን ነው፤ የውሃ ምህንድስና መማር ትፈልጋለች። ክቡርነትዎ ደግሞ አንደኛ መሆን ያለበት እዚሁ ደጃችን ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው ብለው ወሰኑ። ውሳኔው እኛ ቤት የደረሰው ሰፈሩ ሁሉ ከሰማው በኋላ ነው። እንግዲህ ቅሬታ እንዳልለው ደስታዬ አልፈቀደልኝምና፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ እድራችን የተቋቋመው የሞተውን ለመቅበርና ያዘነውን ለማጽናናት ይመስለኝ ነበር። ልጅ ፈተና ስታልፍም እንደሚሰበሰብ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። በወሩ ስብሰባ የድንኳኑ ቀዳዳ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ «የሰፈራችን ልጆች የዩኒቨርሲቲ ምርጫ» የሚል አጀንዳ ሲነበብ፣ እውነቴን ነው፣ ልጄን በቁሟ ልትቀብሯት መስሎኝ ክው አልኩ። ድንኳኑ እስከ ዛሬ ያፈሳል። በዚህ ክረምት ለመሞት ያሰበ ሰው ካለ ትንሽ ቢታገሥ ይሻለዋል።

2ኛ፦ እርስዎ በሩን ከከፈቱት ወዲህ ምክር እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብን። ገበያ የሚያደርሰኝ ባለባጃጅ ጎንደር ትግባ አለ፤ የአጎቱ ልጅ ገብቶ ወፍሮ ስለመጣ። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ባሕር ዳርን መከረች፤ ስትመረቅ ፎቶው ላይ ሐይቁ ያምራል ብላ። ጥርሴን የነቀለልኝ ሐኪም ደግሞ አፌን ከፍቼ ቃል መተንፈስ በማልችልበት ሰዓት ስለ ሐዋሳ በሰፊው አስረዳኝ። ከዚህ ሁሉ አማካሪ ውስጥ ሜላትን «አንቺስ ምን አሰብሽ?» ያላት አንድም ሰው አለመኖሩ፣ ሰፈራችን ለልጆቹ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያሳያል።

3ኛ፦ ወደ እሑዱ ልምጣ። ከቅዳሴ መልስ በራችን ተንኳኳ። ብንከፍተው ክቡርነትዎ መሐል፣ የእህል ነጋዴው አቶ አስማረ በቀኝ፣ አባባ አየነው በግራ ሆናችሁ፣ ጋቢያችሁን አጣፍታችሁ በትራችሁን ይዛችሁ ቆማችኋል። በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ የመጣ ሽማግሌ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጃገረድ። ሜላትን ወደ ጓዳ አስገባኋት። ባለቤቴ አቶ ደረሰ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ስንላችሁ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አላችሁ። ደረሰ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለመሆኑ ልጁ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክቡርነትዎም «የምን ልጅ አመጣህ? እኛ የመጣነው ለአንደኛ ምርጫዋ ነው» አሉት።

ደረሰ ኮቱን መልሶ ፈታ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ንግግር በሕይወቴ አልረሳውም። ለሙሽራ የሚባለውን ሁሉ ለዩኒቨርሲቲው አሉለት፦ ቅርብ ነው፣ ዓይናችን እያየው ያደገ ነው፣ ጠባዩን እናውቀዋለን፣ ልጃችሁን አይበድላትም። እኔማ ትንሽ ቢቀጥሉ ጥሎሹን ልጠይቅዎ ነበር። አቶ አስማረ ቀጠሉና «እኔ ለእህል ጫግኒ ወርጄ ስመለስ እንኳ ሙቀቱ ሳምንት ያዞረኛል፤ አርባ ምንጭማ ሰው ይቀቅላል። አዞም አለ» አሉ። ከአዞ ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩ አልመሰለኝም። አባባ አየነው ግን፣ እንደሚያውቋቸው አገውኛው ቀድሞ አማርኛው የሚከተልላቸው ሰው ናቸውና፣ ለራሳቸው አንድ ነገር ካጉተመተሙ በኋላ «ውሃ ለመማር እዚያ ድረስ? ዘንገናን የሚያህል ሐይቅ እዚህ ተኝቶ?» ብለው በእውነት ግራ ገብቷቸው ጠየቁ።

የመንገዱን ነገር ያነሱት እርስዎ ነዎት። በዚህ አልቀልድም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ስልክ የማይሠራበት ቀን አለ፤ እናት ይህን ሁሉ ቀን ትቆጥራለች። ሜላት ራሷ በዋዜማው «እማዬ፣ አንቺ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ» ብላኛለች። የማትዋሽ ልጅ ናት፤ ቅሪ ብላት ትቀር ነበር፤ አንድ ቀንም አትወቅሰኝም ነበር። ክቡርነትዎ ሽማግሌ ሰብስበው የመጡበት ነገር በእኔ በአንዲት ቃል ያልቅ እንደነበር አያውቁም። እኔም ቃሏን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ነው ፊታችሁ የቆምኩት።

ቃሏን እንዳልተፋት ያደረገኝን ልንገርዎ። እንደሚያውቁት ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከዚያው ከአርባ ምንጭ ተመድባ የመጣች አንዲት ተማሪ በመጀመሪያው ቀን በሸሚዝ ገብታ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሻይ አዘዘች። ሻዩን ሳይሆን የደረሰን ካፖርት ነው ቀድሜ የሰጠኋት። ይኸው እስከ ዛሬ ካፖርቱ አልተመለሰም፤ ደረሰም አልጠየቀም። ድንች ወጤን ትወዳለች፤ ሜላትን ስለ አገሯ የነገረቻትም እሷ ናት። አንድ ቀን እናቷ ደወሉልኝ። አማርኛቸው እንደ አባባ አየነው ሁለተኛ የሚመጣ ነው፤ ብዙም አላወሩም። «ልጄን መገብሽልኝ። ያንቺ ስትመጣ የኔ ናት» አሉኝ። ይህንን ዩኒቨርሲቲያችንን በጣም የምወደው፣ ክቡር ሆይ፣ የሌላ ሰው ልጅ ተልኮልን ስለምናኖርበት ነው። የእኒያ እናት ሰፈር እድር የለውም ይሆን? ወይስ ሊቀመንበሩ ድንኳን እየሰፉ ነበር?

ስለዚህ ቃሉን ዋጥ አድርጌ «ጥያቄው የሷ ስለሆነ እሷን ጠይቁልን» አልኳችሁና ሜላትን ከጓዳ ጠራኋት። የእርስዎ ቅንድብ ሲነሳ አይቻለሁ። ለካ በዚህ ሁሉ ዘመን ሽምግልና ሲሄዱ ልጂቱን ጠርቶ ያስጠየቀዎት ሰው አልነበረም። እሷም ወጥታ ጉልበታችሁን ሳመችና፣ ለአባባ አየነው ዞራ እንዲህ አለች፦ «አባባ፣ ውሃውማ ሞልቷል። ክረምቱን ሙሉ በላያችን ሲወርድ ይከርማል፤ እማማ ግን በዚያው ዝናብ ውስጥ ጀሪካን ይዘው ቧንቧ ጋ ወረፋ ይቆማሉ። ይህን ነገር የሚያስተምር እዚያ አለ ስላሉኝ ነው።» እማማ ያለቻቸው የአባባ አየነውን ባለቤት ነው። የሳቸው ጀሪካን ቢጫ እንደሆነና እጀታው በገመድ እንደታሰረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አባባ አየነው በትራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቁጭ አሉ።

ሽማግሌ ከተቀመጠ ምን ማለት እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። አቶ አስማረ ትንሽ ሲያመነቱ ቆዩና «አዞውን ብቻ ተጠንቀቂ» ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። ደረሰ እስከዚያች ሰዓት ከእርስዎ ወገን እንደነበረ እኔም እሱም እናውቃለን፤ በመንገዱ ነገር ሌሊት ሲገላበጥ ሰምቼዋለሁና። ልጁን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ «ጠላ ይቀዳ እንጂ» አለ። ደረሰ ብዙ አይናገርም፤ ከተናገረ ግን አለቀ።

4ኛ፦ ጠላዬን ሳይቀምሱ ሄዱ። ይህን ብቻ ነው በእውነት የተቀየምኩዎ።

የሚቀጥለው ቁጥር የለውም። ጋሼ ባንተአምላክ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ጥሊሊ፣ በአባቴ በአዝመራው ግቢ ውስጥ እርስዎ ቆመው ነበር። በትርዎ ያኔም ይህችው ናት መሰለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት መጥቶልኛል፤ መምህራን ማሠልጠኛ ልገባ በልቤ ልብሴን አጣጥፌ ጨርሻለሁ። ለደረሰ ሲጠይቁኝ ከጓዳ በር ኋላ ሆኜ ሰማሁዎ፤ እንዴት ያለ ንግግር ነበር። በሦስተኛው ምልልስ አባቴ ሰጡ። በአጋጣሚ ደግሞ መልካም ሰው ነው ያመጡልኝ። ዛሬ ወንዱ ሁሉ ቢሰለፍ፣ ከሰልፉ ውስጥ ደረሰን ነው የምመርጠው። ብቻ መምረጡን እኔ ብመርጠው ደስ ይለኝ ነበር። እሑድ ዕለት ያው አንደበት፣ ያው በትር በቤቴ ሲቆም ጊዜው የተመለሰ መሰለኝ፤ ልዩነቱ በዚህኛው ልጂቱ ከጓዳ ወጣች። የእኔ ደስታ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለባጃጅ የሚያስጎነብሰኝም ይኸው ነው።

ሜላት ማክሰኞ ሞልታ ጨርሳለች። አንደኛ አርባ ምንጭ። ምክርዎን ጨርሳ እንዳትጥል ብላ የቆሰበሩን ሁለተኛ አድርጋዋለች። ምደባው የትም ይጣላት፣ መርጣለች።

ለእድራችን ረጅም ዕድሜን፣ ለድንኳናችን ጎበዝ ሰፊን፣ ለክቡርነትዎም ቁጭ ብለው የሚያርፉበት ጊዜን እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ ነገር ግን ምንም ሳላጎድል የምሰናበትዎ፣

አክባሪዎ
ውብአየሁ አዝመራው
የሜላት እናት፣ የደረሰ ባለቤት፣ የባለ ድንች ወጧ ቁርስ ቤት ባለቤት

ተጨማሪ፦ ልጅዎ ፀደይም ፈተናውን አልፋለች፤ ከሜላት ጋር እኛ ቤት ስታጠና መክረሟን አይዘነጉትም። ምርጫው ሰኞ ይዘጋል፤ የሷ ግን እስካሁን አልተሞላም፤ አባቴ ይቆጣል ብላ ፈርታለች። የፈለገችውን ዩኒቨርሲቲ ስም እዚህ አልጽፍም፤ የሷ ነውና ራሷ ትንገርዎ። እኛን ግን ልካናለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዋጋዬና፣ ይገርምዎታል፣ አባባ አየነው በርዎ ላይ እንገኛለን። ወንበር በማሰናዳት አይድከሙ። ፀደይን እስኪጠይቋት ድረስ አንቀመጥም።