የጎረቤቴን ሕመም በችሎት ላስነበቡልን ክቡር ኃላፊ

ለነዋሪዎች የጤና መረጃ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል ብዬ በትሕትና እጠይቃለሁ። እርስዎ የእኛን ጤና መጠየቅ እንደማያስፈልግዎ አውቃለሁ፤ ከነደም ግፊታችን በእጅዎ ነው። በእርስዎ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዲት ልጄ በቀለም መሸጫ ሱቅ ሒሳብ ትይዝ ነበር፤ አሁን በመሥሪያ ቤትዎ ከሳሽነት በኮምፒውተር ወንጀል ተይዛ ጣቢያ ትገኛለች። የመከላከያ ምስክር የምታሰማው በመጪው ሳምንት ነው፤ ጥፋተኛ ከተባለች ዓመታት ትታሰራለች። ያደረጉልንን ዘርዝሮ ማመስገን ግዴታዬ ስለሆነ እነሆ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሰልፉ አመሰግናለሁ። መሥሪያ ቤትዎ የሰፈራችንን ሰው በአንድ ቀን አሰልፎ ሲመዘግብ የካርድ ቁጥር የሰጠን በቆምንበት ተራ ነበር። ስለዚህ በሰልፉ ከኋላዬ የቆመችው፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እታለም የሚላት፣ ቁጥሯ ከእኔ በአንድ ብቻ ይበልጣል። ልጄ የሐኪም ቀጠሮዬን በስልኳ ልታይልኝ ወደ ድረ ገጽዎ ገብታ የመጨረሻዋን አኃዝ ተሳስታ ብትነካ፣ ማን ነሽ ከየት ነሽ የሚላት ሳይኖር የእታለም ሕመም ከነመድኃኒቱ ተዘርግቶ ጠበቃት። የእኔ ቤት በር እንኳ ያረጀ ቢሆንም መቀርቀሪያ አለው።

፪. ስለ ምስጋና ደብዳቤው አመሰግናለሁ። ልጄ ገጹን ወዲያው ዘግታ፣ የሰው ምስጢር ሜዳ ላይ ወድቋልና እባካችሁ አንሡት ብላ፣ ስሟንና ስልኳን አስፍራ ለመሥሪያ ቤትዎ ጻፈች። እኔ ዝም አይነቅዝም ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ከቢሮዎ የደወሉት ሰውዬ እጅግ ትሑት ነበሩ፤ የምስጋና ደብዳቤ እንድንልክልሽ የቤትሽን አድራሻ ስጪን አሏት። እኔም ሞኟ ደብዳቤው የሚሰቀልበትን ቦታ ግድግዳው ላይ መረጥኩ። በአድራሻው የመጡት ግን ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፤ ስልኳንም እሷንም ይዘው ሄዱ። እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ የምታድርበትን ሳይቀር አዘጋጁላት።

፫. መርማሪው፣ ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው መረጃ ማየት ወንጀል መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። መልካም ሕግ ነው፤ የሰው ገመና የሚጠብቅ ሕግ አልጠላም። ታዲያ ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው መረጃ ሜዳ ላይ መጣልስ ምን ይባላል ብዬ ብጠይቃቸው፣ እሱ የአሠራር ክፍተት ይባላል አሉኝ። የሰፋሁት ሱሪ ከኋላው ቢተረተር፣ አየሁት ያለውን መንገደኛ ማሳሰር እስከ ዛሬ አልታየኝም ነበር።

፬. ይህኛውን ማመስገን ይከብደኛል። በችሎቱ ዓቃቤ ሕጉ ልጄ ምስጢር ማየቷን ለማስረዳት ሲሉ ምስጢሩን አነበቡት። በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ተረጋግጦ የቀረበውን የእታለምን ፋይል፣ ከሙሉ ስሟ ጋር፣ የሰፈር ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለባትና የምትውጠውን መድኃኒት አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡት። በሦስተኛው ቀን መሥሪያ ቤትዎ የግል መረጃዎን ይጠብቁ የሚል አጭር መልእክት በየስልካችን ላከ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እታለም የሠራተኛ እናቶችን ሕፃናት በቤቷ ትይዝ ነበር። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ሕመሙ ጥሏት አያውቅም። ከችሎቱ ማግስት ግን እናቶቹ፣ አንዷ አክስቴ መጣችልኝ፣ ሌላዋ ቤት ልቀይር ነው እያሉ፣ ልጆቻቸውን ወሰዱ። ትንንሾቹ ፍራሾች ተጠቅልለው ጥግ ላይ ቆመዋል። ቀድሞ በግድግዳው በኩል የሚመጣው የሕፃናት ለቅሶ ያማርረኝ ነበር፤ አሁን ዝምታው ሥራ አላስይዝ አለኝ። አዝኛለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ተናድጃለሁም።

፭. እኔ የእታለምን ሕመም የሰማሁት ከዓቃቤ ሕጉ አፍ ነው። ልጄ ግን ቀድማ ታውቅ ነበር፤ በየቀኑ አንድ ገበታ እየቀረብን ለእናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። እኔም የደንበኞቼን የወገብ ልክ ለባሎቻቸው ነግሬ አላውቅምና ከዚያ የተማረችው ይመስለኛል። ምስጢር የጠበቀችው ተከሳሽ፣ ምስጢር ያስነበቡት ከሳሽ ሆነው መቅረባቸውን ለማመስገን ቃል አጣሁ።

ባለፈው እሑድ እታለም ቤቴ መጣች። ልትረግመኝ ነው ብዬ እየፈራሁ በሩን ከፈትኩላት። እሷ ግን ለልጄ ልትመሰክር መፈለጓን ልትነግረኝ ነበር የመጣችው። ከእንግዲህ የሚነበብብኝ ምን ቀረ፣ ማን እንዳስነበበው ግን ራሴ ልናገር አለችኝ። ስለ እሷ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ አስፈቅጄ ነው፤ ማስፈቀድ ለመሥሪያ ቤትዎ እንግዳ ልማድ ሊሆን ስለሚችል በዚህ አጋጣሚ ላስተዋውቅዎ።

እንግዲህ ክሱን እንዲያነሡ እለምናለሁ። በዚህ ልመና ውስጥ ቀልድ የለም። ልጄን ይመልሱልኝ።

የሚሸሸግ ገመና ያልቀረላት፣
ከፊትዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣው
የተከሳሿ እናት

ግልባጭ፦
እንደ መሥሪያ ቤትዎ አሠራር፣ ለሁሉም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት የራሴን ቁጥር ብሞክረው ገጹ አሁንም ያለ ምንም ጥያቄ ይከፈታል። ምዝገባው የተመረቀ ዕለት በካሜራ ፊት ከሁሉ ቀድመው የተመዘገቡት እርስዎ እንደነበሩ በቴሌቪዥን አይተናል፤ ስለዚህ የእርስዎ ቁጥር አንድ ነው። ልጄ ይህን እያወቀች አልነካችውም። አሁን እሷ ታስራለች፤ ከእሷ ያነሰ አስተዳደግ ያለን ውጭ ነን፤ እስከ አንድ መቁጠር ደግሞ ሁላችንም እንችላለን።