በራሷ የእጅ ጽሑፍ የመጣ መልስ

ለተማሪዎች የሥራ ልምምድ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእህቴ ልጅ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ፖስታ ደረሳት። በውስጡ ያለው ደብዳቤ፣ ክፍያ ላለው የሥራ ልምምድ ያቀረበችው ማመልከቻ ተቀባይነት እንዳላገኘ ይገልጻል። በፖስታው ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የራሷ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ መቅደም የነበረበትን ሰላምታ ዘግይቼም ቢሆን አቀርባለሁ። ለእርስዎ፣ ለምክትልዎ፣ ለመዝገብ ቤቱ፣ እንዲሁም ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠው ነገ ተመለሱ ለሚሉን ሠራተኞች ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ጤና የምለው ለወግ ያህል አይደለም። የልጅቷ እናት፣ ማለትም እህቴ፣ ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋችበት ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሐኪሙ ለአንድ ዓመት የስፌት መኪናዋን እንዳትነካ ስላዘዛት፣ የአንድ እጅ ጤና ስንት ሰው እንደሚያስተዳድር በቅርብ አይቻለሁ። የእርስዎ እጅ ደግሞ የሚፈርም እጅ ነውና ከክፉ ሁሉ ይጠበቅ።

ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በመጪው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። በትምህርት ቤቷ በር ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ፣ ግማሽ ቀን እየተማሩ ግማሽ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩና በየወሩ የሚከፈላቸው አርባ ተማሪዎች እንደሚመረጡ ይገልጽ ነበር። ከአርባው ቦታ አንዱ የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ነው። ይህች ልጅ ኬሚስትሪ ስትወድ ለጉድ ነው፤ በእነርሱ ቤት ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አይጣልም። ላቦራቶሪውን መረጠች። ቦታውን ካገኘች ክፍያው ከቤት ኪራዩ አያልፍም፣ ግን ለኪራዩ ይደርሳል፤ እርሷም የቀን ትምህርቷን ትቀጥላለች። ካላገኘች ቀን ቀን ሳሙና ማሸጊያ ፋብሪካ ገብታ ትምህርቷን ወደ ማታ ታዛውራለች፤ የማታው ክፍል ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ የለውም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ ቁጥር የሌለው ነገር መዝገብ ቤታችሁ እንደማይገባ ተምሬአለሁና።

1. ሥራ የማያውቁ ተማሪዎችን ከሥራ ጋር ለማስተዋወቅ የተቋቋመው መርሐ ግብርዎ፣ ከእያንዳንዱ አመልካች የሦስት ወር የሥራ ልምድ ማስረጃ በመጠየቁ አመሰግናለሁ። ዋና የማይችል ሰው ዋና እስኪለምድ ድረስ ውሃ አጠገብ እንዳይደርስ መከልከል ለሕይወቱ ማሰብ ነው። ልጅቷ ልምዱን ከየት ላምጣ ብላ መስኮታችሁ ላይ ስትጠይቅ፣ እዚያው ጽሕፈት ቤታችሁ ውስጥ ያለ ክፍያ ብታገለግል ማስረጃ እንደሚጻፍላት ተነገራት። ችግሩና መፍትሔው በአንድ ሕንፃ ውስጥ በመገኘታቸው የትራንስፖርት ወጪ ቀንሶልናል። ሦስት ወር ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየመጣች፣ ፎቶግራፍ ከማመልከቻ ጋር በስቴፕለር አያያዘች፤ ፋይል በፊደል ተራ ደረደረች፤ የጠፉ ፋይሎችም አገኘች። አንዱ የጠፋው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር ይባላል። ባለቤቱ እስከዚያ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

2. ሦስቱ ወር ሲሞላ ለተጻፈላት ማስረጃ አመሰግናለሁ። ማስረጃው «ጽሕፈት ቤታችንን ለሦስት ወራት ጎብኝታለች» ይላል። ጎበኘች እንጂ ሠራች ለምን አልተባለም ብላ ስትጠይቅ፣ ሥራ ማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ ላንቺ ደግሞ አልተከፈለሽም፤ ለማንኛውም የቃል ጉዳይ ነውና አታስቢ ተባለች። ሰኞ የደረሳት ደብዳቤ ማመልከቻዋ ለመውደቁ ሁለት ምክንያት ሲዘረዝር፣ ሁለተኛው ምክንያት አመልካቿ ያቀረበችው የጉብኝት ማስረጃ እንጂ የሥራ ማስረጃ አለመሆኑ ነው። ያው ማኅተም፣ ያው ፊርማ። ክቡር ሆይ፣ ከአንድ እጅ ወጥቶ በዚያው እጅ የተመለሰ ወረቀት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

3. ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። በመዝገብ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ማንኛውም ሠራተኛ የራሱንም ሆነ የዘመዱን ጉዳይ በእጁ መያዝ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ደንብ፣ በቀይ ቀለም ተጽፎ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ከዚያ መስታወት ፊት ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉ ብዙዎች ናቸው። ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን አንዲት ልጅ አነበበችው።

ማመልከቻዋን፣ መዝጊያው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ እንደ ማንኛውም ሰው በመስኮቱ ተሰልፋ አስገባች። ማስረጃዋን ከተቀበለች በኋላም እንድታግዝ ስለተጠየቀች ጽሕፈት ቤታችሁ መምጣቷን አልተወችም ነበርና፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ገና ያልተመዘገቡ ማመልከቻዎችን ስትደረድር የራሷ ፋይል ከክምሩ መሃል ወጣ። እኔ በእርሷ ዕድሜ ብሆን ኖሮ ቀስ አድርጌ ከላይ አስቀምጠው ነበር። እርሷ ግን ተነሥታ ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ እርሳቸው በሌሉበት ሠራተኞቹ ጋሽ ጥንቁቅ እያሉ ለሚጠሯቸው ሰው፣ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፤ የራሴ ስለሆነ ልነካው አይገባም አለቻቸው። ሰውየው ከልባቸው ደስ አላቸው። ክፍሉን በሙሉ ሥራ አስቁመው ይህች ልጅ ለእናንተም ለእኔም ምሳሌ ናት አሉ፤ ተጨበጨበላት። ከዚያም «ልጄ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካብሽ እኔው ራሴ አስቀምጥልሻለሁ» ብለው ፋይሉን ከመሳቢያቸው ከተው ቆለፉበት። በማግሥቱ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ ቁልፉም ከኪሳቸው ሳይወጣ አብሯቸው ሄደ። የሥልጠናው ርዕስ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንዳነበብኩት፣ «ቀልጣፋ የተገልጋዮች አያያዝ» ነው።

4. በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ላሳያችሁት ጽናት አመሰግናለሁ። ልጅቷ ምክትልዎን ስትለምን፣ መሳቢያ የሚከፈተው በኃላፊነት በተረከበው ሰው ብቻ እንደሆነ ተነገራት። ሰውየው በስልክ ሲጠየቁ ፋይሉ በእጃቸው ስላለ እንዳትሰጋ መለሱ። ሌላ ማመልከቻ ላስገባ ስትል፣ ሁለት ጊዜ ያመለከተ ሁለቱም እንደሚሰረዝበት ተገለጸላት። ያ ፋይል ከሌባ፣ ከአይጥና ከእሳት ተጠበቀ። ከመዝጊያው ቀንም ተጠበቀ።

ሰውየው የተመለሱት ምዝገባው በተዘጋ በሰባተኛው ቀን ነው። ፋይሉን አውጥተው የዚያን ዕለት የገቢ ማኅተም መቱበት። በመስኮቱ ያስገባሁበትን ቀን ይጻፉልኝ ብላ የተሰጣትን ቁራጭ ደረሰኝ ብታሳያቸው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ድረስ አዘኑ እንጂ እሺ አላሉም። «የትናንቱን ቀን ዛሬ ብመታ ሐሰት ነው። አንቺ ደግሞ እንድዋሽ የምትፈልጊ ልጅ አይደለሽም» አሏት። አልፈለገችም። ሆኖም የሆነውን ሁሉ የሚያስረዳ ማብራሪያ በሁለት ገጽ ጽፈው አያይዘውላታል፤ በዚህ ምክንያት ተስፋ አድርጋ ነበር። ማብራሪያው የደብዳቤ ቁጥር ስላልነበረው መራጮቹ እንዳላነበቡት በኋላ ሰማን። ደረሰኙን በተመለከተ ደግሞ ምክትልዎ ሲያስረዱኝ፣ ቁራጩ ወረቀት ማመልከቻው መሰጠቱን እንጂ መቀበሉን እንደማያሳይ በትሕትና ነገሩኝ። ሰላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ በመስጠትና በመቀበል መካከል ሁለት ሳምንት የሚያህል ስፍራ መኖሩን አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ላፍታ ላቁም። ለእንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ ጉቦ ወይም ዝምድና ይስማማው ነበር፤ ፈልጌ አጣሁ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ አንድም ሌባ የለም። ልጅቷ እውነተኛ ናት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እውነተኛ ናቸው። ምክትልዎ ከደንብ ዝንፍ አይሉም። ሁሉም የሚገባውን አድርጎ፣ ልጅቷ ሳሙና ልታሽግ ነው። ሌባ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የምንለማመጠው ሰው እናገኝ ነበር።

5. የማተሚያ ማሽናችሁ ቀለም በመጨረሱ፣ በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፖስታዎች ላይ የአመልካቾችን አድራሻ በእጇ እንድትጽፍ በመታመኗ አመሰግናለሁ። የተሰጣት ዝርዝር ያለፈውን ከወደቀው አይለይም ነበር። የራሷ ስም ላይ ስትደርስ ይህንንስ ልጻፈው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ደንቡን አልረሳችም። ከጸሐፊዎቹ አንዷ «ፖስታ ደግሞ ምን ጉዳይ አለው የኔ እናት፣ ጻፊው» አለቻትና ሳቁ። ጻፈችው። ከሁሉም ይልቅ ቀስ ብላ የጻፈችው እርሱን እንደነበር ለእናቷ ነግራታለች።

6. ስለ ባዶው ወንበር አመሰግናለሁ። ወደ ውሃ ጥራት ላቦራቶሪው ስልክ ደውዬ ነበር። ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ላቦራቶሪውን የመረጠ ሌላ ተማሪ ስላልነበረ ቦታው ሰው አልተመደበበትም አሉኝ። ልጅቷን ይላኩልኝ ብለው ሁለት ጊዜ ጽፈውላችኋል፤ ጽሕፈት ቤትዎም የዘንድሮው ምርጫ ስለተጠናቀቀ ወንበሩ እስከሚቀጥለው ዓመት በባዶነቱ እንዲጠበቅ መልሷል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ወተቷን የማያገኘው ባለቤቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን አላቢዋም ላሚቱም እየተያዩ ነው፤ የቸገረው በረቱን የሚከፍት ነው።

ሰባተኛም ስምንተኛም ነበረኝ፤ በሁለተኛው ፎቅ ወረፋና በመስኮቱ ቁመት ላይ የሚያጠነጥኑ በመሆናቸው ትቻቸዋለሁ። ይልቅ ለንጽጽር ያህል የሳሙና ፋብሪካውን ነገር ላንሳ። ፋብሪካው ማስረጃም፣ ፎቶግራፍም፣ ፖስታም አልጠየቃትም። የጠየቃት ስምንት ሰዓት ሳትቀመጥ መቆም ትችል እንደሆነ ነው። እችላለሁ አለች። ወጣቶችን ከሥራ በማገናኘት ረገድ ከጽሕፈት ቤትዎ ይልቅ የተሳካለት ይኸው ፋብሪካ መሆኑን ሪፖርት ሲጽፉ እንዳይዘነጉት አደራ።

ሰኞ ደብዳቤው ሲነበብ እዚያው ቤት ነበርኩ። እህቴ የመጀመሪያውን ምክንያት፣ ማመልከቻው ዘግይቶ ገብቷል የሚለውን፣ ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። የታሰረ እጇን በግራ እጇ ይዛ «ጥፋቱ የኔ ነው። የራስሽን አታስቀድሚ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ» አለች። በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስም ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ሰው እስካሁን እርሷ ብቻ ናት፤ ምስጋና የሚገባት ይመስለኛል። ልጅቷ አላለቀሰችም። ማታ ወደ ቤቴ ስሸኝ እስከ በር ተከትላኝ መጥታ፣ ጋሼ፣ ሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ይኖረዋል ወይ አለችኝ። ይኖረዋል አልኳት። አልዋሸሁም፤ ማሸጊያው ያለው በሌላ ግቢ ነው።

የምጠይቅዎ ውለታ አይደለም። ቁራጭ ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን የእናንተው መስኮት የጻፈው ቀን ነው፤ እርሱ ይቆጠርላት። የሦስት ወር ሥራዋ ሥራ ተብሎ ይጻፍላት። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ፈላጊው አለ፤ ተፈላጊዋም አለች። አንድ ፊርማ ነው የጎደለው፤ እጅዎም ከላይ እንደተመኘሁት ጤነኛ ነው።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መሳቢያዎችዎ ሁሉ እንደተቆለፉ፣ ማኅተሞችዎ ሁሉ የዕለቱን ቀን እንዳሳዩ፣ ወንበሮችዎም አቧራ እንዳይነካቸው ተሸፍነው እንዲኖሩ ከልብ በመመኘት፣ በመስኮትዎ ፊት ተራውን ይዞ መቆም የማይታክተው አክባሪዎ፣

የተማሪዋ አጎት፣
በጡረታ ላይ ያለ የጋዜጣ አራሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎ ያስገባነው ይግባኝ መታየት እንደሚጀምር የሚገልጽ መልእክት ስለደረሰን ልባዊ ምስጋናዬን እጨምራለሁ። በትምህርት ቤቷ የቀን ክፍል ምዝገባ የሚዘጋው ረቡዕ በሃያ ሦስት ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ርዕሰ መምህሯ አንድ ቀን እንዲታገሱን ለምኜአቸው፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ካመጣሁ ፈቃደኛ ናቸው፤ ጽሕፈት ቤትዎም ደብዳቤውን ለመስጠት ፈቃደኛ ነው፣ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ውሳኔ ከሰጠ በኋላ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ በሃያ አራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።