ነሐሴ 20 ላይ የቆመው አድራሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬም መናኸሪያ። በአጎቴ የአውቶቡስ ድርጅት ቢሮ ከሳቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ዋልኩ። ስልካቸው በጠራ ቁጥር "ኢንቲሳር፣ ሊንኩ!" ይላሉ። ሊንኩ ምን ሆነ? እሱን አይናገሩም።

በመጨረሻ ደረስኩበት። ነሐሴ ላይ አጎቴ ሙሀመድአወል እኔ በሠራሁት የትኬት ድረ ገጻችን ላይ የሐዋሳን ጉዞ በገዛ ስልካቸው ፈለጉ። ከላይ የሚታየውን አድራሻ እንዳለ ገልብጠው ለማተሚያ ቤት ሰጡ። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ጅራት ሁሉ... መነሻ፣ መድረሻ፣ ቀን። ቀኑ ነሐሴ 20። ያ አድራሻ በኪውአር ኮድ ስቲከር ታትሞ በሁሉም ቅጥቅጥ አውቶቡሶቻችን መስኮት ላይ ተለጥፏል። ስካን ያደረገ ሁሉ ነሐሴ 20 ውስጥ ይገባል። "ጉዞ የለም" ይለዋል። መኪናው ፊቱ ቆሞ!

ሳቄ መጣ። ከዚያ አስተካካይዋ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ቦሌ ሥራ ያመለከትኩበት የሶፍትዌር ድርጅት ሰዎች ደወሉ። ተቀብለውኛል! ኅዳር 1 ጀምሪ አሉኝ።

አባዬ "ደስ ይላል" አለ። ቀጥሎ ደግሞ... "አጎትሽን ግን አታስቀይሚብኝ። የምነዳው የሱን መኪና ነው።"

አጎቴስ? "ሂጂ፣ ማን ያዘሽ? ብቻ ይሄን ሳትጨርሺ አይሆንም።"

ሳልጨርስ... መቼ ነው የሚያልቀው? ዝዋይ ሲጨመር እኔ፣ ሻሸመኔ ሲጨመር እኔ። የየከተማውን አድራሻ አንድ በአንድ በእጄ ነው የምጽፈው። ቤቴም ብገባ ያው ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ሦስተኛ። ሲራመዱ ከጭንቅላቴ በላይ ይሰማኛል። ታፍኛለሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ፈርዶሳ፣ የአጎቴ ልጅ፣ ትኬት ቆራጫችን፣ "ስቲከሩ ተልጦ ሌላ ይለጠፍ በያቸው" አለችኝ። አልኳቸው። "የተለጠፈ ነገር አይላጥም" አሉ። የተለጠፍኩትስ እኔ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አድራሻው ንጹሕ ይሁን አልኩ። የድርጅቱ ስም፣ ስላሽ የምትባለው ዘንባላ መስመር፣ የከተማው ስም። በቃ። ለሁሉም ከተማ አንድ ደንብ ብቻ፤ ድረ ገጹ የተሠራበት ፍሬምወርክ ከተማውን ከአድራሻው ላይ ራሱ ያንብብ። ያ የድሮ ጅራት ከመጣ ደግሞ ቆርጦ ወደ ንጹሑ አድራሻ ይላክ።

ሞከርኩት። ገጹ ዞረ፣ ዞረ... አልከፈት አለ። ለካ አዲሱ ደንብ ቀኑን ሲቆርጥ፣ ድሮ የጻፍኩት አሮጌ ደንብ ቀን የሌለው አድራሻ አይቶ የዛሬን ቀን ይቀጥልበታል። እንደገና ይቆረጣል። እንደገና ይቀጠላል። ልክ እንደኔ፣ ከቤት መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ቤት።

አጎቴ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ነበር። "በዚህ ነው ቦሌ የምትቀጠሪው?"

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ሌላ የት ልሂድ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ወያላው ጠዋት ሙሉ መስኮቴ ሥር ሲጮህ ዋለ። "ሐዋሳ! ሐዋሳ! አንድ ሰው የቀረው!" አናቴን አዞረው። ልሰድበው መስኮቱን ከፈትኩ... ከዚያ ቆም አልኩ።

"ዛሬ" አይልም። መናኸሪያ የመጣም ሰው "ሐዋሳ" ብቻ ነው የሚለው። ቀን ካልጠራ ዛሬን ነው የሚፈልገው፤ ይሄ ማን ይጠፋዋል? እኔ ታዲያ ቀን ለምን እቀጥላለሁ?

አሮጌውን ደንብ አጠፋሁት። ቀን የሌለው አድራሻ ዛሬ ማለት ነው። ወደፊት ያለ ቀን ከመጣ ይቆይ፣ ያለፈ ከሆነ ይቆረጥ።

መዞሩ ቆመ። የአባዬን መኪና ስቲከር ስካን አደረግኩ። ገጹ ተከፈተ! ወላሂ ተከፈተ! ወያላውን ሻይ ጋበዝኩት። ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ፈርዶሳ ቡታጅራን ብቻዋን ጨመረች። አድራሻው ያለ ምንም ችግር ሠራ።

"ያላንቺ?" አሉ አጎቴ።

"ያለ እኔ።"

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ስልካቸውን ደጋግመው አዩ፣ ከዚያ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "እንግዲህ ሄድሽ።"

"የሚመጣው ሰኞ እጀምራለሁ፣ አጎቴ። ላስቀየምኩዎት ሁሉ አፉ ይበሉኝ።"

አላሉም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ደረጃ ላይ ተገናኘን። ሰላምታዬን አልመለሱም። የአባዬን የመኪና ቁልፍ ቢቀሙትስ? እናቴ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ትለኛለች፤ እሷም ግን አልተኛችም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ወደ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል። አንድ ቅጥቅጥ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። የኛ! መሪው ላይ አባዬ። አላየኝም።

በመስኮት ስልኬን ዘርግቼ ስቲከሩን ስካን አደረግኩ። ሐዋሳ። ኅዳር 1። ወንበር አለ።

ገና እያየሁት ስልኬ ጠራ። አጎቴ!

"ሊንኩ ምን ሆነ?" አልኩ፣ ሳይናገሩ።

"ሊንኩ ደህና ነው።" ዘጉት ስል... "አፉ ብያለሁ፣ ልጄ። እንዳታረፍጂ።"

መንገዱ እስካሁን አልተከፈተም። ግድ የለኝም።