በጓንት የያዘችኝ እጅ

ጎረቤቴ፣ ዓለሜ፣ እንዴት ከርመሻል? እዚህ ልጄ ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው መሽቶ ነው፤ እኔ ከግድግዳ ጋር አወራለሁ። ልመጣልሽ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። ትናንት ግን ቤተ ሙከራዋ ወሰደችኝ። ዓይን የማያያቸውን የብረት ቅንጣቶች ሁለት ሁለቱን እያጣመረች፣ ጓንት በተገጠመለት የመስታወት ሳጥን ዘግታባቸዋለች።

«አንዱ ብቻውን የማይችለውን ሁለቱ ተያይዘው ይሠራሉ። አየር ካገኛቸው ግን ይለያያሉ» አለችኝ።

«ታዲያ ሙሽሮች ናቸው በይኛ!»

ሳቀች። እጄን በአንዱ ጓንት አስገባሁ። እሷም ከጎኔ በሌላው አስገብታ፣ በዚያ ወፍራም ላስቲክ ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ከመጣሁ ወዲህ እጄን ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው።

«እማዬ፣ አትሂጂብኝ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ምን አንጀት አለኝ? ሻንጣዬን ፈታሁት። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ። ማታ ስትገቢ እንደ ልማድሽ በሬን አንኳኪልኝ፣ ሰው ባይኖርም።