መኪናህን ልንሸጥ ስንል ቁልፉ ተሰበረ

ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? እንቅልፍስ ትተኛለህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ቆመህ ቀማምሰህ ነው የምትወጣው? ይህን ሁሉ የማከታትልብህ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «ይህን ጠይቂው፣ ያንንም ጠይቂው» እያለች በክርኗ ስለምትጎስመኝ ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ዓይን ትንሽ ደከም ብሏል፤ ጆሮዋ እንደሆነ የሰፈሩን ሹክሹክታ አንድም ሳያስቀር ይለቅማል። እኔም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ደስ ብሎኛል። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን ግራ ገብቶኛል፤ ይህን ግራ መጋባቴን ደግሞ ካንተ በቀር የሚፈታልኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ደብዳቤህ «መኪናዋን ሽጧት፤ ለማን ተብሎ ነው ዝገት የሚበላት» አላልክም? ጮክ ብዬ ሳነበው እማዬ ተነሥታ ወደ መስኮቷ ሄደች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ወንበሯን መኪናህ ከምትታይበት መስኮት አንቀሳቅሳው አታውቅም። ሰው ስላንተ ሲጠይቃት መልሷ «መኪናውን እዚህ ትቶ የት ይቀራል?» ነው። ባለቤቴን መቼም ታውቀዋለህ፤ ለሁሉም ነገር «ይሁን» ባይ ነው። ሰፈሩ «አቶ ይሁን» የሚል ስም አወጣለት፤ እሱንም «ይሁን» ብሎ ተቀበለ። «እንሽጣት ወይ?» ስለው «ይሁን» አለ። «እማዬስ?» ስለው «እሱም ይሁን» አለ። ከዚህ ሰው ምን ምክር ይገኛል? እኔም ባለንብረቱ ካዘዘ ምን አገባኝ ብዬ ገዢ ፈለግሁ።

ገዢው ለጣሪያችን ቆርቆሮ የሸጠልን ነጋዴ ነው። ትናንት ጠዋት መጣ። ትከሻው ከበሩ የሚሰፋ፣ እጁ አካፋ የሚያህል ሰው ነው። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ኮፈኗን ከፍቶ አየ፣ ከሥሯም ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ምን እንደሚያሸትት እሱ ይወቅ። «ሞተሯ ይነሣል?» አለኝ። «በየሳምንቱ አስነሣታለሁ፤ ከእኔ ቀድማ ነው የምትነቃው» አልኩና ቁልፉን ሰጠሁት። ገብቶ ሲቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። መኪናህ ጎማዋ ወደ አጥሩ ተጠምዝዞ ስትቆም መሪዋ እንደሚቆለፍ አንተም እኔም እናውቃለን። እንዲህ ስትሆን ቁልፉ በጉልበት አይዞርም፤ መሪውን እንደ ሕፃን እሹሩሩ እያሉ፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ነው ቁልፉን ቀስ አድርጎ ማዞር። «እቴቴ፣ አባብያት እንጂ አትታገያት» እያልክ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰውዬው ቁልፉን አዞረ፤ እምቢ አለ። እንደገና አዞረ፤ እምቢ። «ምን ሆና ነው?» አለኝ። «መሪውን ወዝወዝ አድርገው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ፣ ዝም በይ ሲሉኝ እንኳ ዝም የማልል ሴትዮ፣ አፌ ተለጎመ! ቀና ብዬ ሳይ እማዬ በመስኮቷ ቆማ መጋረጃውን ጨምድዳ ይዛለች። ሰውዬው «ስንቱን የጭነት መኪና ያስነሣሁ ሰው፣ ይቺ ቆርቆሮ ልትንቀኝ ነው?» ብሎ (ለእኛ ሲሸጥልንማ ቆርቆሮ የማይበገር ነው ብሎን ነበር) ጥርሱን ነክሶ ሲጠመዝዘው፣ ቀጭ! እጀታው እጁ ላይ ቀረ፤ የቀረው ማስነሻው ውስጥ።

የሰውዬው ፊት በርበሬ መሰለ። የእኔ ልብ ግን ዘለለ። ድንጋጤ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደስታ ኖሯል። ባለቤቴ ከጓሮ ብቅ ብሎ «ምን ተሰበረ?» አለ። «የመኪናዋ ቁልፍ» አልነው። «ይሁን» ብሎ ተመለሰ። ወዲያው ከመስኮቱ በኩል ሳቅ ሰማሁ። የእማዬ ሳቅ! ከሰማሁት ብዙ ከመቆየቱ የተነሣ መጀመሪያ የጎረቤት መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ።

ቁልፍ ቀራጩን አስጠራን። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ «መነጽሬን ያየ አለ?» የሚል ሰው ነው። ነጋዴው ፒንሳ ይዞ ሊጠጋ ሲል «ዞር በልልኝ ወዳጄ፤ ይበልጥ ወደ ውስጥ ልትገፋው ነው?» ብሎ ተቆጣው። ከዚያ ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች ቀጭን ሽቦ አስገብቶ፣ ሳብ ለቀቅ እያደረገ ብዙ ሲያልበው ቆይቶ ስባሪውን አወጣው። እኔም እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ። እዚህ ላይ ነው የባሰ ግራ የገባኝ፤ ቁልፉ ሲሰበር ደስ አለኝ፣ ስባሪው ሲወጣም ደስ አለኝ። ታዲያ እኔ የማን ወገን ነኝ?

ቀራጩ ስባሪውን አገላብጦ አየና «ይሄማ ጥርሱ አልቋል፣ ተጣሟልም። ከዚህ ላይ ብቀርጽ ልክ አይመጣልኝም። ሁለተኛውን ቁልፍ አምጡልኝ» አለ። ነጋዴውም «እሱ ሲገኝ ጥሩኝ፤ ለሌላ ሰው እንዳትሸጡብኝ» ብሎ ሄደ።

እኔ ቤቱን ገለበጥኩት። የአዝራር ጣሳውን፣ መሳቢያውን፣ ቁም ሳጥኑን በረበርኩ፤ ትተሃቸው በሄድካቸው ጫማዎች ውስጥ ሳይቀር እጄን ሰደድኩ። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየችና «አትልፊ ልጄ፤ ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ብላት፣ ልትሄድ ስትል የጃኬትህን ገበር ስትሰፋልህ ከውስጥ ኪሱ መውደቁን ነገረችኝ። አንሥታ እዚያው መልሳ ከተተችው፤ ለሰውም ትንፍሽ አላለች። «ረስቶት ይሆናላ» አልኳት። «የረሳውን ነው በመሐረብ ጠቅልሎ የያዘው?» አለችኝ። እኔም ጫማዎችህን ወደ ቦታቸው መለስኩ።

እና ወንድሜ፣ የትኛውን ልመን? እጅህ የጻፈውን ወይስ ኪስህ የያዘውን? ሽጧት ባይ አንተ፣ ቁልፍ ያዥ አንተ! ደግሞ እኔስ ብሆን? ገዢ ጠሪ እኔ፣ ገዢው ሲታገል አፌን የዘጋሁም እኔ። ይብላኝ ለእናታችን፤ ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱም ልባቸውን የማያውቁ።

የምርህን ሽጧት ካልክ ቁልፉን በሰው እጅ ላክልኝ፤ መኪናዋን ለነጋዴው አስረክቤ የእማዬን ወንበር ወደ ሌላኛው መስኮት ራሴ አዞርላታለሁ። ካልሆነ ግን አትላከው፤ ይዘኸው ና። እኔ እንደሆንኩ ለነጋዴው እስካሁን ምንም አላልኩትም፤ ዝም ማለት እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

ባለቤቴ ሰላም ይልሃል። «ናፍቆኛል ብሎሃል ብዬ ልጻፍለት?» ብለው ምን እንዳለኝ አንተው ገምት። ልጄ በመኪናህ መስታወት አቧራ ላይ ስምህን በጣቷ ጽፋልሃለች፤ እንዳልጠርገው ከልክላኛለች። አብሮህ የሚኖረውን ጓደኛህን ሰላም በልልን፤ ጉልበትህን እንድትሸፍን ይቆጣህ። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ቆይ፣ አሁንም ጎሰመችኝ፤ አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለች፦ «የጃኬቱ ገበር እንዳይተረተር ኪሱን ደጋግሞ ያየው በይልኝ።»

የምትወድህ እህትህ፣ እቴቴ

ከእማዬ መስኮት ሥር
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 14 ቀን