ነጩ ላባና ትንሿ መስታወት

ሃልስቢ፣ ሰኞ፣ ጁን 23 ቀን 1879

ለምወድህ ልጄ ለአልባን፣

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ላቅና። ዛሬ ጧት ዳቦ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ የአጎትህ ልጅ ዶርካስ ለጋጋሪው ሚስት፣ «አክስቴ ኬዚያ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ቀይ ላባ ሰክተው ጳጳሱ ፊት አንቀላፉ! አንገታቸው እንደ ዳክዬ ሲወድቅ ሲነሣ አየሁት» ስትል ሰማኋት። ይህን ወሬ ወደ ሜልበርን ሳትጽፍልህ አትቀርምና እውነቱን ከእናትህ ስማ። ላባው ነጭ ነበር። አላንቀላፋሁም።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ። የተንጋደደው ከደስታ ነው እንጂ ከእርጅና አይደለም።

አባትህ ደኅና ናቸው። ባለፈው ደብዳቤዬ ጆሯቸው ትንሽ እንደከበደ ነግሬህ ነበር፤ አሁንም ትንሽ ከብዷል። ባለፈው ሳምንት ትልቁ ሳህን ከእጄ ወድቆ ከኋላቸው ሲሰባበር ቀና አላሉም፤ ሥራ ይዘው ስለነበረ ነው። ክረምቱን ሙሉ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ አንድም የኦርጋን ቁልፍ ሳይነኩ፣ ለደብራችን በዓል አዲስ ዝማሬ ደረሱ።

አዲሱ ቄሳችን ፔምበር እንደ ዘመኑ ልማድ መዘምራኑን ነጭ ልብስ አልብሰው ከሰገነቱ አወረዷቸውና መሠዊያው አጠገብ አቆሟቸው። አባትህ ከኦርጋኑ ጋር በስተኋላ ሰገነቱ ላይ ቀሩ። ለሁላችንም ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚጫወቱት፤ ወደ ታች የሚያዩት ከራሳቸው በላይ በተሰቀለች ትንሽ መስታወት ብቻ ነው። እኔ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ እቀመጥና፣ የዜማውን መጽሐፍ ገጽ የምገልጥ መስዬ፣ የመዘምራኑን ምት በመዳፌ ጀርባቸው ላይ እመታላቸው ነበር። በዓሉ ሲቃረብ ግን ቄሱ ሰገነቱ ላይ ወጡ።

«ወይዘሮ ጋሮድ፣ ሴት በኦርጋን አግዳሚ ላይ? ጳጳሱ ምን ይሉኛል?»

«ገጽ ስገልጥላቸው ነው የኖርኩት።»

«እንግዲህ ራሳቸው ይግለጡ። ዝማሬው ጳጳሱ ፊት ከተሰናከለ ደግሞ በርስዎ ባል ፋንታ ከሊንከን ከተማ ወጣት ኦርጋን ተጫዋች አስመጣለሁ። ለሽማግሌዎቹ ነግሬያለሁ።»

አባትህን ከዚያ ኦርጋን መለየት ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም።

ቤት ገብተን የቄሱን ቃል በወረቀት ጻፍኩላቸው። አንብበው ወረቀቱን አጠፉና፣ «ኬዚያ፣ ታች ተቀምጠሽ በአንገትሽ ምቱን ብትሰጪኝ፣ በመስታወቷ ከዚያ ሁሉ ባርኔጣ መካከል ያንቺን በምን ልለየው?» አሉኝ። «ላባ ለወፍ ነው» እየተባልኩ በወይዘሪት ክሬክ ትምህርት ቤት ያደግሁት እኔ፣ የሟች እኅቴን ነጭ ላባ ከሣጥን አውጥቼ ባርኔጣዬ ላይ ሰፋሁ። በየቀኑ አባትህ የጢም መላጫ መስታወታቸውን ፊት ለፊት አድርገው ጠረጴዛውን በጣቶቻቸው ሲጫወቱ፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ እያዜምኩ አንገቴን እነቀንቅ ነበር። አንገቴ ደንዝዞ በፎጣ ጠቅልዬ አደርኩ።

በበዓሉ ዕለት ዝናብ! በር ላይ ስደርስ ላባው ረጥቦ ባርኔጣዬ ላይ ተለጠፈ። ጳጳሱ ገብተዋል፤ ዶርካስ አጠገቤ ናት።

«አክስቴ፣ ምን ሆነው ነው የሚቁነጠነጡት?»

«ዝም ብለሽ እፍ በይበት!»

«ምኑ ላይ?»

«ላባው ላይ! አንቺ እሳት አንድደሽ አታውቂም?»

ጉንጯ እስኪቀላ እፍ አለችበት። ዛሬ ቀይ ነው የምትለው ያንኑ ላባ ነው።

ላባው ቀና አለ፣ ኦርጋኑም ጀመረ። መጀመሪያው እንደ ውኃ ፈሰሰ። መካከል ላይ ግን መዘምራኑ ፈርተው ዜማውን ወደ ኋላ መጎተት ጀመሩ። አንገቴን አዘገየሁ። አልባን፣ ከኋላዬ ያ ታላቅ ኦርጋን አብሮኝ ዘገየ! ፈጠንኩ፣ ፈጠነ። ከመጨረሻው አሜን በፊት አባትህ ጸጥታ ጽፈዋል፤ መዘምራኑም ኦርጋኑም ዝም የሚሉበት። አገጬን ቀና አድርጌ ያዝኩት፤ የጣራው ዝናብ ብቻ ይሰማ ነበር። አገጬን ሳወርደው ኦርጋንና መዘምራን እንደ አንድ ሰው አሜን አሉ። ጳጳሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ቄሱ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ወይዘሮ ጋሮድ፣ ባለቤትዎ ምን ያህሉን ይሰማሉ?»

ለቄስ አይዋሽም፤ እጄን ወደ ላባዬ አነሣሁ። ቄሱም ላባውን አዩት።

«በሚመጣው እሑድ ወደ መተላለፊያው ጠጋ ብለው ይቀመጡ» አሉኝ። «ከዚያ ምሰሶው ከመስታወቷ አይጋርድዎትም፤ መዘምራኑም ቢያዩዎት ይጠቅማቸዋል።»

ሊንከንን አላነሡም!

አባትህ ከሰገነቱ ሲወርዱ ደረጃው ሥር ቆሜ ነበር። «ጥሩ ነበር?» አሉኝ። አዎን ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እኔ ካቆምኩ በኋላም ላባው መነቅነቁን አላቆመም፤ በዚህ ሳቁ።

እመጣለሁ ያልከው እውነት ከሆነ፣ ስትገባ ከኋላቸው አትጥራቸው፤ በሚያዩህ በኩል ቁም። ሥራ ይበዛባቸዋል።

ባሕሩን የሚያረጋ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ደረትህን አታራቁት። ነገ ከሁሉ በፊት ላባውን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አቃናለሁ። ከዚያ ዳቦ ቤት ሄጄ፣ ዶርካስ ባለችበት፣ ቀለሙን አሳያለሁ። ከዚያ ኮምጣጤና ጨርቅ ይዤ ሰገነቱ ላይ እወጣለሁ፤ ያቺን መስታወት ራሴ እወለውላታለሁ።

እናትህ፣
ኬዚያ ጋሮድ