በየአርቡ የሚጣሩት፦ የአቶ ዳምጤ ዳኛው የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳምጤ ዳኛው ከአባታቸው ከአቶ ዳኛው ካሣ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አምሳለች፣ በጎንደር ክፍለ ሀገር በሰሜን አውራጃ ግራር አምባ በምትባል መንደር ጣልያን ከአገር በወጣ ማግስት ተወለዱ። ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1941 ወይም 42 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ቀንና ዓመትም በዚያው አቆጣጠር ነው። የእስራኤል መታወቂያቸው ግን 1931 ይላል። መታወቂያውን የምትጽፈው ሴት ዕድሜያቸውን ስትጠይቃቸው፣ ሽማግሌ በየትም አገር ይከበራል ብለው ዐሥር ዓመት ጨመሩ። በዚህ የተነሣ በመንግሥት ዘንድ ከታላቅ ወንድማቸው ከካሳው በሰባት ዓመት ይበልጣሉ። ይህን ታሪክ የሚጽፈው ያው ካሳው ነው። ዕድሜ ልኩን “አንተ” ያላቸውን ወንድሙን ዛሬ “አንቱ” ቢል ወጉም መታወቂያውም ስለሚያስገድደው ነው። ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው የሚጽፈው ደግሞ አንዳንዱን ነገር “ያደረግሁት እኔ ነኝ” ለማለት ስለሚያፍር ነው።

አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጆቹ ከወናፍና ከመዶሻ ሥር ስላደጉ፣ በዚያ ቤት በቀስታ የተናገረ ሰው እንዳልተናገረ ይቆጠር ነበር። አቶ ዳምጤ በመንደሩ ቄስ ዘንድ ገብተው ዳዊት እስከ መድገም ደርሰዋል። መምህራቸው ግን ሲደግሙ በሰሟቸው ቁጥር “ልጄ፣ እግዚአብሔር እኮ ቅርብ ነው” ይሏቸው እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ።

በ1967 ከወይዘሮ ዘሪቱ ጋር በወግ በማዕረግ ተጋብተው ይሻሽንና ሹሜን ወለዱ። ጎጆ የቀለሱት ከካሳው ቤት ፊት ለፊት ባለው ተራራ ላይ ነበር። በመካከሉ ያለውን ገደል ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በየአርቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ አቶ ዳምጤ ከአፋፉ ላይ ቆመው “ካሳው ሆይ! ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ደህና ነን!” ብለው ይጣራሉ፤ ካሳውም “ደህና ነን! ሰንበት ሰላም!” ብሎ ይመልሳል። ይህን መልስ ሳይሰሙ ሰንበትን መቀበል አይሆንላቸውም ነበር።

ካሳው በ1980 ቀድሞ ወደ እስራኤል መጣ። አቶ ዳምጤ በ1983 ቤተሰባቸውን ይዘው በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ፤ በዓመቱም ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር ቤት ተሰጣቸው። የካሳው ቤት በዚያው ከተማ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። አቶ ዳምጤ በአንድ የብረት ፋብሪካ ተቀጠሩ። እዚያ ሰው ሁሉ ጆሮውን ደፍኖ በምልክት ሲግባባ እሳቸው እንደ ልባቸው ያወሩ ነበር። አለቃቸው የምሳ ደወሉ ሲበላሽ ማሠራት አላስፈለገውም።

ከሥራ ውጭ የሚወዱት ነገር ጢዩል፣ ማለትም የእግር ሽርሽር ነበር። አርብ ከቀትር በኋላ ቤተሰቡን አሰልፈው፣ ዳቦና ውሃ አስይዘው ይወጣሉ። የሰሜን ሰው ናቸውና ከፍታ ይፈልጋሉ፤ ፔታህ ቲክቫ ግን እንደ ገበታ የተዘረጋ ከተማ ነው። በመጨረሻ ከኤን ጋኒም ጫፍ፣ ሕንፃ ሊሠራ ከተቆፈረ ጉድጓድ የወጣ የአፈር ክምር አገኙ። ወይዘሮ ዘሪቱ ከሥር ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ሹሜ በካርቶን ሊንሸራተት ተዘጋጀ። ይሻሽ ሃያ እርምጃ ወደኋላ ቀርታ፣ መንገድ እንዳገናኛት ሰው ሌላ ሌላውን ታያለች። አቶ ዳምጤ ጫፉ ላይ ወጡና እንደ አገራቸው ተጣሩ።

ካሳው በዚያች ሰዓት ደረጃው ላይ ከጎረቤቱ ከወይዘሮ ኤስቴር ጋር ቆሞ ነበር። ኤስቴር ከሮማንያ የመጡ አሮጊት ናቸው። ካሳው ደግሞ የሕንፃው ቫድ ባይት፣ ማለትም የነዋሪዎች ተጠሪ ነው፤ “እዚህ አይጮኽም” የሚለውን ማስታወቂያ የለጠፈው እሱ ነው። ስሙ ከሰማይ ሲጠራ አሮጊቷ ደነገጡ።

“ማነው ይሄ?”

“እኔንጃ” አለ ካሳው። “ሰካራም ይሆናል።”

ሮጦ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣና ትሪስ የሚባለውን አረንጓዴ የመስኮት መዝጊያ ጓ አድርጎ አወረደው።

እሑድ ሲገናኙ አቶ ዳምጤ “አርብ ተጣርቼ ነበር፤ ሰማህ?” ብለው ጠየቁት።

“ኧረ ምንም አልሰማሁ። የዚህ አገር ነፋስ ድምፅ ይበላል። አሲሞን፣ የስልኩን ብረት ገዝተህ ከመንገድ ስልክ ለምን አትደውልም?”

“ለሩብ ሰዓት መንገድ ብረት ላጉርስ? በሰደር፣ ግድ የለም፤ ከፍታው አንሶ ነው።”

ከዚያ በኋላ ያለው የአቶ ዳምጤ የጀብዱ ዘመን ነው። በቀጣዩ አርብ የውሃ ማማ መሰላል ላይ ግማሽ ድረስ ወጡ፤ የጥበቃው ውሻ ሲመጣ እንዴት እንደወረዱ እስካሁን አይታወቅም። በሌላው አርብ የብርቱካን ዛፍ ላይ ወጥተው፣ ከነቅርንጫፉ ወርደው፣ የአትክልቱን ባለቤት ይቅርታ ጠየቁ፤ ሰውየው ይቅርታውን ከሩቅ ሰምቶ ሌባ መጣብኝ ብሎ ነበር። “ጊቫ” ኮረብታ ማለት መሆኑን ሲረዱ ደግሞ ቤተሰቡን ጊቫት ሽሙኤል ድረስ በእግር ወሰዱ። ደርሰው ኮረብታው የት እንደሆነ ቢጠይቁ “የቆምክበት ነው” ተባሉ። እግራቸውን ዝቅ ብለው አዩና ግድ የለም ብለው እዚያው ተጣሩ። በእሑዱ ካሳው “አልሰማሁም” ሲል እውነቱን የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ወደ አፈር ክምራቸው ተመልሰው፣ በላዩ ባዶ በርሜል ገልብጠው፣ በበርሜሉ ላይ መቆም ጀመሩ። ይሻሽ “አባ፣ ዳይ! ይበቃል!” እያለች ትለምናለች። እሳቸው ተጣርተው ትንሽ ቆይተው “ያላ፣ እንሂድ፣ ሰንበት ደረሰ” ብለው ደስ ብሏቸው ይወርዳሉ። ካሳው ይህን ደስታ ከሹሜ ሲሰማ፣ መልስ ያላገኘ ሰው ምን እንደሚያስደስተው አይገባውም ነበር። በየአርቡ ግን ትሪሱን ያወርድ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።

በ1986 መባቻ፣ በዚህ አገር ክረምት፣ የአቶ ዳምጤ ድምፅ ይሻክር ጀመር። የካቲት ከመግባቱ በፊት በነበረው አርብ በርሜሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ቢከፍቱ ድምፅ ጨርሶ እንቢ አለ። በእሳቸው ፈንታ ሹሜ ተጣራ። ካሳው ቀጭን ድምፅ ሰምቶ ሕፃናት የሚጫወቱ መስሎት ትሪሱን ሳያወርድ ቀረ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተደበደበ። አቶ ዳምጤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ አንድ እግራቸው ባዶውን ቆመዋል። የካሳውን ትከሻ ይዘው ፊቱን፣ እጁን፣ ደረቱን እያገላበጡ አዩት። ከኋላቸው ይሻሽ እያለከለከች ደረሰች፤ ከእሷም በኋላ ወይዘሮ ዘሪቱ ወንበሩን እንደተሸከሙ።

“አጎቴ፣ ትሪሱ አልወረደማ!” አለች ይሻሽ። “አባ ሲጣራ ሁልጊዜ የእርስዎ አረንጓዴ ትሪስ ሲወርድ ከክምሩ ላይ ይታየናል። ‘ሰምቷል፣ ደህና ነው፣ ያላ’ ይለናል። ዛሬ ሳይወርድ ሲቀር አጎታችሁ ሞቷል ብሎ ሮጠ።”

ካሳው የሚገባበት ጠፋው። “ታዲያ እየሰማሁ መሆኔን ካወቅህ ያ ሁሉ ማማ፣ ያ ሁሉ ዛፍ ለምን አስፈለገ?” አለ።

አቶ ዳምጤ በሹክሹክታ “አንተም ውሸታም እንዳትባል፣ ልጆቹም ጢዩሉን ወደውት ነው” አሉት።

ሐኪሞች የጉሮሮ ካንሰር መሆኑን ነገሩን፤ አቶ ዳምጤም እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ሆስፒታል አምስተኛ ፎቅ ላይ ተኙ። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ኤስቴር ካሳውን ደረጃ ላይ አስቁመው “ያ ሰካራም ምን ሆነ? የሰንበት ሻማዬን የማበራው በእሱ ድምፅ ነበር፤ አሁን ሰዓቱ ጠፋብኝ” አሉት።

“ሰካራም አይደለም” አለ ካሳው። “ወንድሜ ነው።”

አርብ አሮጊቷ ሾርባ ይዘው አብረውት ሄዱ። ካሳው በሆስፒታሉ የመኪና ማቆሚያ መካከል ቆሞ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባለው ድምፅ ሁሉ “ዳምጤ ሆይ! ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን!” ብሎ ተጣራ። ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ኤስቴር በሾርባው ድስት መንገድ ዘግተው “ተወው፣ ወንድሙ ነው!” ብለው ጮኹበት። ከላይ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ትሪሱ ጓ ብሎ ወረደ። አራት አርብ እንዲህ ተጠራሩ፤ አራት አርብ ትሪሱ ወረደ።

በአምስተኛው አርብ፣ መጋቢት 14 ቀን 1986፣ ካሳው አንዴ ተጣራ፣ ሁለቴ ተጣራ፣ ሦስቴ ተጣራ። ትሪሱ አልወረደም። አቶ ዳምጤ በዚያች ሰዓት ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እሑድ፣ እዚሁ ተፈጸመ።

አቶ ዳምጤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘሪቱን፣ ልጆቻቸውን ይሻሽንና ሹሜን፣ በዕድሜ ታላቃቸው በመታወቂያ ታናሻቸው የሆነውን ካሳውን፣ እንዲሁም የማያውቋቸውን ጎረቤታችንን ወይዘሮ ኤስቴርን ትተው ሄደዋል። ዛሬ በሠላሳኛው ቀናቸው ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከፍ ባለ ቦታ ያኑርልን፤ ዝቅ ያለ ቦታ አይለምዱም።

በሚመጣው አርብ በአሥር ሰዓት ካሳው ከነቤተሰቡ አፈር ክምሩ ላይ ይወጣል። በማሃኔ የሁዳ የምትኖሩ ወገኖች፣ ድምፅ ከሰማችሁ እባካችሁ ትሪሳችሁን አውርዱ፤ ደህና መሆናችሁን እናውቃለን።